ስለ ኦክስፎርድ የጉልበት መጠይቅ

ጉልበቱ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የተተካለት ሕመምተኛ ምን ያህል እንደ ተሻለው ለመመዘን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. የወጣው የኦክስፎርድ መጠይቅ በብዙ አገር ይሠራበታል። ጥያቄዎቹ 12 ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩም 48 ነው። አጭርነቱንና ሕመምተኛው ራሱ እንዲመልስ መደረጉን እናመሰግናለን።

ነገር ግን ተንበርክኮ መነሣትን የሚመለከተው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም 4 ነጥብ። ቁጢጥ ማለት ከነጭራሹ አልተነሣም። በፋሲሎ የሚኖሩ አንዲት እናት በስቅለት ዕለት መስገድ፥ ከዱካ ላይ ተቀምጠው ቡና ማፍላት፥ ከመጸዳጃው ቁጢጥ ብለው መነሣት ቢሳናቸው፥ በመጠይቁ 44 ስላገኙ ብቻ «ዳንሁ» ይላሉን? አይመስለንም። ሰው ሠራሹ ጉልበት ሕመምን በማስታገሥ የተመሰገነ ቢሆንም፥ እስከ መጨረሻ መታጠፍ ብዙ ጊዜ ይጎድለዋል።

በካናዳ አገር በኦንታሪዮ 1,703 ሕመምተኞች ተጠይቀው በ2010 በወጣው ጥናት ከመቶው 19ኙ አልረኩም፤ ከምክንያቶቹም ብርቱው የጠበቁትን አለማግኘት ሆኖ ተገኝቷል። የኦክስፎርዱ መጠይቅ ግን ሕመምተኛው ምን ጠብቆ እንደ ነበረ አይጠይቅም። ስለዚህ ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው ስግደቱንና ዱካውን ይጨምር፤ ከቀዶ ጥገናው አስቀድሞም ይጠይቅ። ድምሩ ከ48 ካለፈ ከውጭ አገር ውጤት ጋር ማነጻጸር ያስቸግራል የሚል ይኖር ይሆናል፤ የተጨመሩት ለብቻቸው ቢደመሩ ይህ ችግር ይቃለላል።