«የማን ልጅ ነው?» — ስለ ዘውድ ዘር የሚነገሩ ግምቶችና ድርሰቶቻችን

ቀድሞ ስለ አንድ ልብ ወለድ ታሪክ ክርክር ሲነሣ፥ የደራሲው ቋንቋ እንዴት ነው? የባለ ታሪኩስ ጠባይ ምን ይመስላል? ተብሎ ይጠየቅ ነበር። ዛሬ ጥያቄው ተለውጧል። እኛ በምንኖርበት በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፥ ከጦር ኃይሎች አንሥቶ እስከ አየር ጤና ድረስ ባሉት ሻይ ቤቶች፥ ወጣቶች ተሰብስበው ሲከራከሩ የሚሰማው ቃል «ለመሆኑ የማን ልጅ ነው?» የሚል ነው። የሚከራከሩበትም ነገር «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተባለው ተከታታይ ፊልም ነው። ፊልሙ ካለቀ ዓመታት አልፈዋል፤ ክርክሩ ግን አላለቀም። ዙፋኑ በሕግ የሚገባው ለማን ነበር? እገሌ የተባለው ዲቃላስ በእውነት ዲቃላ ነውን? ወይስ የተደበቀ አልጋ ወራሽ? እያሉ የትውልድ ሐረግ ሲቈጥሩ ላያቸው ሰው የጥንት ደብተራዎች እንጂ የዛሬ ተማሪዎች አይመስሉም።

ይህን ልማድ አንዳንድ ታላላቅ ሰዎች እንደ ሥራ ፈትነት ሲቈጥሩት እንሰማለን። እኛ ግን በዚህ አሳብ አንስማማም። የተደበቀ የንጉሥ ልጅ መፈለግ በኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ እጅግ የቈየ ሥራ ነውና፥ ወጣቶቹ ከባሕር ማዶ አመጡት የሚባለው ነገር በቤታችን ሲሠራበት የኖረ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ግምቱ መልካም ንባብ የሚሆነው መቼ ነው? ክፉ ንባብ የሚሆነውስ መቼ ነው? የሚለው ነው።

አስቀድመን የባዕዱን ታሪክ እንመልከት። አሜሪካዊው ደራሲ ጆርጅ ማርቲን የመጀመሪያውን መጽሐፋቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በውስጡ ጆን ስኖው የተባለ ወጣት አለ። ኤዳርድ ስታርክ የተባለው የሰሜን መስፍን ከጦርነት ሲመለስ «ልጄ ነው» ብሎ ይዞት መጣ፤ እናቱ ማን እንደ ሆነች ግን ለሚስቱ እንኳ አልተናገረም። ደራሲው ምስጢሩን በግልጥ ሳይናገሩ ምልክቱን እዚህም እዚያም ጣል ጣል አድርገውታል፤ በሕልም የሚታይ ግንብ፥ የመስፍኑ እኅት ሊያና በሞት አልጋዋ ላይ ሆና ያስገባችው ቃል፥ ሰማያዊ ጽጌረዳ። አንባቢዎችም እነዚህን አንድ በአንድ ለቅመው፥ ልጁ የመስፍኑ ሳይሆን የእኅቱና የአልጋ ወራሹ የሬጋር ልጅ ነው ሲሉ ገመቱ። ፊልሙን ለመሥራት ፈቃድ ሊጠይቁ የመጡትን ሁለት ሰዎች ደራሲው «የጆን ስኖው እናት ማን ናት?» ብለው እንደ ፈተኗቸውና መልሱን በማወቃቸው እንደ ተደሰቱ ይነገራል። ግምቱም በ20 ዓመቱ፥ እ.ኤ.አ. በ2016፥ በፊልሙ ላይ እውነት ሆኖ ታየ።

እንዲህ ያለውን ግምት እኛ መልካም ንባብ እንለዋለን። አንባቢው ከመጽሐፉ ሳይወጣ፥ በእያንዳንዱ ቃል ላይ ቆሞ፥ ደራሲው የቀበረውን ይቈፍራል። ከኛ የቅኔ ተማሪ ሥራም ብዙ አይርቅም፤ ወርቁ እንዳለ ስለሚያውቅ ሰሙን ይፈትሻል።

የዚህ ታሪክ ፍጻሜ ግን ብዙ ሰው አስቈጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የመጨረሻው ክፍል ሲታይ፥ ደሙ የተረጋገጠለት ጆን ስኖው በዙፋኑ ላይ ሳይቀመጥ ወደ ሰሜን ተሰደደ፤ መሳፍንቱም ተሰብስበው ብራን የተባለውን እግረ ሽባ ልጅ አነገሡ። ያነገሡበትም ምክንያት ደሙ አልነበረም፤ ከሁሉ የሚበልጥ ታሪክ ያለው እርሱ ነው የሚል ክርክር ነበረ። «ታዲያ ያ ሁሉ ዘር ቈጠራ ለምን አስፈለገ?» እያሉ የሚያዝኑ ወጣቶችን ዛሬም እናገኛለን። በኛ አስተያየት፥ የመጨረሻዎቹ ክፍሎች በጥድፊያ የተሠሩ፥ ብዙ ነገር ከሰማይ ዱብ የሚልባቸው ናቸው፤ በዚህ በአንዱ ነገር ግን ሠሪዎቹ ሊመሰገኑ ይገባል። ደም ማስረጃውን አገኘ፤ ማስረጃው ግን ዙፋን አልገዛም። ንጉሥን የሚያነግሠው ታሪክ ነው የሚለውም አሳብ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም ነበር።

ክብረ ነገሥትን የሚያነብ ሰው ይህን ሁሉ በዚያ ውስጥ ያገኘዋል። ልጁ ያለ አባት ያድጋል፤ አባቱ ማን እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ሰሎሞን ለንግሥቲቱ የሰጣት ቀለበት ምልክት ሆኖ ይላካል። ነገር ግን ከቀለበቱ በፊት ፊቱ ይመሰክርለታል። የጋዛ ሰዎች ባዩት ጊዜ ንጉሥ ሰሎሞን የመጣ መስሏቸው ይደነግጣሉ፤ ሰሎሞንም ልጁ ከራሱ ይልቅ አባቱን ዳዊትን እንደሚመስል ይናገራል። በድርሰት ዓይን ስንመለከተው ይህ እጅግ የተዋጣ አሠራር ነው። ቀለበት ሊሰረቅ ይችላል፤ የአያት መልክ ግን አይሰረቅም።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ መቼ ተጻፈ? ብሎ መጠየቅ የሃያሲ ግዴታ ነው። ይኩኖ አምላክ የነገሡት እ.ኤ.አ. በ1270 ነው። የክብረ ነገሥት የግዕዝ መልክ የተዘጋጀው ደግሞ፥ በመጽሐፉ መጨረሻ ይስሐቅ የተባለው የአክሱም ሊቅ በተወው ቃል እንደሚታወቀው፥ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። ታሪኩ ከዚያ በፊት በቃል ሲነገር መኖሩ አይካድም። የተቀናበረውና ሕግ የሆነው ግን ዙፋኑ ከተያዘ ከ40 ዓመት ያላነሰ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ዙፋኑ ቀደመ፤ የዘር ሐረጉ ተከተለ። ከዚያ ወዲያ ያ ድርሰት ምን ያህል ኃይል እንደ ነበረው ለማወቅ በ1923 ዓ.ም. እና በ1948 ዓ.ም. የወጡትን ሁለት ሕገ መንግሥታት መመልከት ይበቃል፤ ሁለቱም ዘውዱን ከቀዳማዊ ምኒልክ ዘር ጋር በአንቀጽ አስረውት ነበር። አንድ ትረካ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የአገር ሕግ ሆኖ ኖረ ማለት ነው። ይህን ያህል ዕድል ያገኘ ድርሰት በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም።

ደም ብቻውን ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ ያሳየው ደግሞ ዘመነ መሳፍንት ነው። በጐንደር ነገሥታቱ ነበሩ፤ ዘራቸውም አላጠራጠረም፤ ሥልጣኑ ግን በመሳፍንቱ እጅ ነበረ። ከዚያም በፊት የነገሥታት ልጆች በአምባ ግሸን፥ በኋላም በወህኒ አምባ እየታሰሩ ሲጠበቁ የኖሩት ደማቸው ስለ ታወቀ ነው። (እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 «ራስላስ»ን የጻፈው ይህን የአምባ ወሬ ሰምቶ ነው። አገራችንን ሳያይ የጻፈውን ሲራክ ኅሩይ ወደ ዐማርኛ መልሰውታል፤ በምናብ የተፈጠረ የዐማራ ልዑል እንደ ገና ዐማርኛ ሲናገር ማንበብ ደስ ያሰኛል።)

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ወጣቶቻችን ከፊልሙ የተማሩትን ዘዴ ይዘው ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ሲገቡ እናያለን። የቋራው ካሣ ኀይሉ እንዲያ ያለ ሥራ የሠሩት የተሰወረ የንጉሥ ደም ቢኖራቸው ነው፤ የእናታቸው ድኽነትም ዘሩን የሸፈነ መጋረጃ ነው፤ ምልክቱን እንፈልግ ይላሉ። በአባታቸው በኩል በሴት ሐረግ ከዐፄ ፋሲል ይወለዳሉ የሚለውን ቈጠራ እንደ ቀለበቱ አድርገው ያቀርባሉ።

ቈጠራው ሐሰት ነው ለማለት አልተነሣንም። የምንለው፥ የቀረበበት ጊዜ ይታይ ነው። ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ፥ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ደጃዝማች ውቤ ገና በቅርቡ ድል ሆነው እስረኛ ነበሩ። ሌላው ለራሱ ባዘጋጀው ድግስ ላይ ዘውድ የደፋ ሰው ያን ዕለት ያስፈለገው የአያት ስም አልነበረም፤ ያስፈለገው ጦሩና የአቡነ ሰላማ ቅባት ነው። ለዙፋን ስማቸውም የመረጡት በፍካሬ ኢየሱስ የተነገረለትን የጻድቁን ንጉሥ ስም ነው። የአባቶች ነገር በኋላ መጣ። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ በላኩት ደብዳቤ ሁለት ነገር አጠገብ ለአጠገብ ተጽፎ ይገኛል፤ በአንድ በኩል ፈጣሪን ስለ በደሉት ነገሥታት አባቶቻቸው ይናገራሉ፤ በሌላ በኩል ደግሞ እግዚአብሔር እርሳቸውን ከትቢያ አንሥቶ መንግሥቱን እንደ ሰጣቸው ይገልጣሉ። የነገሥታት ልጅ ከሆኑ ትቢያው ከየት መጣ? ከትቢያ ከተነሡስ አባቶቹ ምን ያደርጋሉ? ዘር ቈጣሪው አንባቢ «አባቶቼ» የሚለውን ይዞ «ትቢያ» የሚለውን ይጥላል። እኛ ግን ሁለቱን ቃላት ሳንለያይ እንድናነብ እንወዳለን፤ የሰውየው ሕይወት ያለው በሁለቱ መካከል ነውና።

ስለ ኮሶው የሚነገረውም ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ችግር በጸናባቸው ጊዜ ኮሶ ይሸጡ ነበር ይባላል። ደጃዝማች ወንድይራድ የተባሉት መኰንን «የኮሶ ሻጭዋን ልጅ ይዤ አመጣላችኋለሁ» ብለው ፎከሩ፤ ራሳቸው በተማረኩ ጊዜ ካሣ ኮሶ አስጠጧቸው። አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ላይ ጥቂት ቆም በል። ለተሰደበ ሰው ቀላሉ መልስ «እናቴ እኮ የእገሌ ዘር ናት» ማለት ነበረ። እርሳቸው ግን ስድቡን አልካዱም፤ በጽዋ ቀድተው ለተሳዳቢው መለሱለት። የተሰወረ የንጉሥ ደም ፈልገን ብናገኝና በዚህ ታሪክ ላይ ብንጨምረው፥ ታሪኩ ይከብራል ወይስ ይቀላል? ይቀላል እንላለን። ኮሶው መራራ የሚሆነው በእውነት ኮሶ ሲሆን ነውና።

ደራሲዎቻችን ይህን የተረዱት ይመስለናል። ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፥ አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. «አንድ ለናቱ»ን ሲያሳትሙ የዳዊት ዘር ገና የአገሪቱ ሕግ ነበረ። ርእሶቻቸውን ግን እንመልከት። አንዱ ዕንባን ጠራ፤ ሌላው እናትን። በዚያ ዘመን ስለ ንጉሠ ነገሥት ሲጻፍ ከአባት ሐረግ ይልቅ የእናትን ስም በመጽሐፍ ግንባር ላይ ማዋል ቀላል ነገር አይደለም፤ «አንድ ለናቱ» የሚለውን ቃል ሰው ሁሉ በቤቱ ስለሚያውቀው ብቻ ሳይታወቅ ያልፋል እንጂ።

በልብ ወለድና በታሪክ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በማርቲን መጽሐፍ ውስጥ መልሱን የሚያውቅ አንድ ደራሲ አለ፤ ምልክቱን የቀበረ እርሱ ስለ ሆነ ቈፋሪው አይደክምም። ታሪክ ግን እንዲህ ያለ ደራሲ የለውም። ያልተቀበረ ነገር የሚፈልግ ሰው ያገኘውን ጠጠር ሁሉ ወርቅ ነው ይላል። ልማዱም በመጽሐፍ ብቻ አይወሰንም። እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች እናውቀዋለን፤ አዲስ ሹም መጣ በተባለ ጊዜ ምን ሠርቷል ከመባሉ በፊት «ይኸ የማን ወገን ነው? በእናቱስ ከየት ነው?» ይባላል። ከዚያ ወዲያ ሰውየው የሚያደርገው ነገር ሁሉ ምልክት ይሆናል። ቢቸር ዘሩ ነው፤ ቢሳሳትም ዘሩ ነው። ለጆን ስኖው የተፈቀደው ለሕያው ሰው ሲደረግ፥ ሰውየው ከመናገሩ በፊት ተነቦ ያለቀ መጽሐፍ ይሆናል። በዚህች አገር በዚህ ዓይነት ንባብ ከቤቱ የተፈናቀለው ሰው ብዙ ነው።

ታሪክ ያለው ይንገሥ የሚለው የፊልሙ ፍርድ በኛ አገር በእውነት የተሠራበት አንድ ጊዜ አለ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. በአክሱም ከነገሡ በኋላ፥ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ወደ እንግሊዝ ደብዳቤ ላኩ። የጠየቁት ክብረ ነገሥት የተባለው መጽሐፍ እንዲመለስላቸው ነው፤ ያለዚያ መጽሐፍ ሕዝባቸው እንደማይታዘዝላቸው ገለጡ። ዘውዱም፥ ጦሩም፥ ቅባቱም እያለ የጐደለው ድርሰቱ ነበረ። በለንደን የነበረው የብሪታንያ ቤተ መዘክርም ከመቅደላ ከመጡት ቅጂዎች አንዱን መለሰላቸው።

ከመቅደላ የሄደው ግን መጽሐፍ ብቻ አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ሲሞቱ የ7 ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁም ተወስዷል። የእርሱን ዘር ለማወቅ ግምት አያስፈልግም፤ አባቱ ንጉሠ ነገሥቱ፥ እናቱም የእነዚያ በደረስጌ ድል የሆኑት የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ በዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ በየጊዜው ተጠይቋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሰጠው መልስ፥ በአካባቢው ያረፉትን የሌሎችን ዐፅም ሳያውክ ሊያወጣው እንደማይችል የሚገልጥ ነበር።