ባለቤት ያጣው ግሥ

«ወጣቱን ከወንጀል ስለ መከላከል» የሚል ስብሰባ በተጠራ ቁጥር፣ ሆሳዕናም ይሁን ዱራሜ፣ ሾኔም ይሁን ሺንሺቾ፣ አንድ አጭር ድራማ አይጠፋም። እኔም ከእነዚህ ድራማዎች ብዙዎቹን አይቻለሁ። ሴራው ከአዳራሽ አዳራሽ እምብዛም አይለዋወጥም። ልጁ ከገጠር ይመጣል፤ መጥፎ ጓደኛ ይገጥመዋል፤ ጫት ይለምዳል፤ አረቄ ይቀምሳል፤ የሰው ኪስ ይዳብሳል፤ እናቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። በመጨረሻ የፖሊስ ቆብ ያጠለቀ ወጣት ከመጋረጃው ኋላ ብቅ ብሎ እጁን ይይዘዋል። መጋረጃ፣ ጭብጨባ፣ ከዚያ ሻይ።

ተዋንያኑን ልወቅስ አልተነሣሁም። እንዲያውም ከመካከላቸው ችሎታቸው የሚያስደንቅ አሉ፤ አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የእናትን ሐዘን ስትጫወት ከኋላዬ የተቀመጡት ሴቶች እውነተኛ እንባ ሲያነቡ ሰምቻለሁ። ጉድለቱ ያለው ሴራው ላይ ነው። ታሪኩ የሚያበቃው ሊጀምር ሲገባው ነው። ተረት ሰሚ እንኳ «ከዚያስ?» ማለት ልማዱ ነው። እዚህ ግን ልጁ የፖሊስ ጣቢያውን በር ካለፈ በኋላ «ከዚያስ?» የሚል ሰው የለም። ደራሲውም ተመልካቹም እዚያ በር ላይ ተሰናብተውት ይመለሳሉ።

ከበሩ ወዲያ ያለው ነገር ቋንቋ የለውም እንዳልል ቋንቋ አለው። በዜና የምንሰማው «በሕግ ጥላ ሥር እያለ ሕይወቱ አለፈ» የሚል ነው። እስቲ ይህን ዓረፍተ ነገር እንደ አንድ የሥነ ጽሑፍ ሥራ እንመልከተው። ጥላ በእኛ አገር ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ገበያተኛ ሸክሙን አውርዶ የሚያርፍበት ነው። ሕግም ጥላ ሆነ፤ ጥሩ ዘይቤ ነው። ከዚያ ግሡ ይመጣል፤ «አለፈ»። ትምህርት ቤት ሳለን «ባለቤቱን ለማግኘት ማን ብላችሁ ጠይቁ» ተብለን ተምረናል። ማን አለፈ? ሕይወቱ። ሕይወቱ ራሷ ተነሥታ ሄደች ማለት ነው። የመታ የለም፤ ሐኪም የከለከለ የለም፤ በሩን የቆለፈ የለም። አማርኛችን ሚስትንም ባልንም ባለቤት ይላል፤ የሟቹ ባለቤት ደግሞ ስንቅ ይዛ በር ላይ ቆማለች።

ይህ የዛሬ ፈሊጥ አይደለም። በቀይ ሽብር ዘመን ብዙ እናቶች የልጃቸውን ሞት የተረዱት «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» በሚል አንድ ቃል ነበር። እንዴት ያለ የተራቀቀ ጭካኔ ነው! ሞት የሚለው ቃል የለበትም፤ ገዳይም ሟችም የለበትም። ምግብ ብቻ አለበት።

ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ሲቃጠልም ይኸው ሰዋስው ነበር የተናገረው። በዚያ የነበሩት አብዛኞቹ ገና ፍርድ ያልተሰጣቸው ሰዎች ናቸው። መንግሥት 23 እስረኞች መሞታቸውን አስታወቀ፤ 21ዱ በመታፈንና በመረጋገጥ፣ 2ቱ ሊያመልጡ ሲሞክሩ። ቤተሰብ ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲንከራተት ከረመ። በኋላ 38 እስረኞች «እሳቱን አስነሥታችኋል» ተብለው ሲከሰሱ ግን ግሡ ድንገት ባለቤት አገኘ። ሰዋስዋችን ባለቤት የሚጠፋበት በየትኛው በኩል እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል ማለት ነው።

ከዚህ ልማድ የወጣ ሰነድ አንድ ትዝ ይለኛል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የደረሰውን ግድያ እንዲያጣራ ምክር ቤቱ ያቋቋመውን አጣሪ ኮሚሽን የመሩት ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል ነበሩ። ሰውየው ያኔ ሐዲያና ከምባታ ይገኙበት የነበረው የደቡብ ክልል የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ። ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎች መገደላቸውን መዘገበ። በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በቃሊቲ እስር ቤት ጠባቂዎች እስረኞች ወዳሉባቸው ቤቶች ከ1,500 በላይ ጥይት መተኮሳቸውንና 17 እስረኞች መሞታቸውንም ጨምሮ ማለት ነው። «ጠባቂዎች ተኮሱ»፤ ባለቤትና ግሥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዳኛው አገር ጥለው ከወጡ በኋላ ነው ይህ ግኝት በ1999 ዓ.ም. ለዓለም የተሰማው፤ እዚህ የቀረበው ዘገባ ኃይሉ ከመጠን አላለፈም አለ። አንድ ዓረፍተ ነገር በትክክል ለመጻፍ ስደት ዋጋ ሆነ።

ወደ ልጆቻችን ልመለስ። በአዲስ አበባ ጫማ የሚጠርጉልን ልጆች ብዙዎቹ ከሐዲያ፣ ከከምባታ፣ ከወላይታና ከጉራጌ የወጡ ናቸው። ክረምት ሲገባ፣ እንሰቱ ሲሳሳ፣ ወይም ደብተር መግዣ ሲጠፋ ይሄዳሉ። በከተማው ጥቂት ናቸው፤ አማርኛቸው ያስቃል፤ ሣጥናቸው በብሩሽና በቀለም የተሞላ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 ጉልበት እያለው የሚታይ መተዳደሪያ የሌለው ሰው በተዘረዘሩት ሁኔታዎች ከተገኘ ያለ መያዣ ትእዛዝ እንዲያዝና በዋስ እንዳይለቀቅ ደነገገ። የሚታይ መተዳደሪያ! የሊስትሮ ሣጥን ለማን ነው የሚታየው? በዓመቱ «አደገኛ ቦዘኔ» ከሕግ መጽሐፍ ወጥቶ የቴሌቪዥን ቃል ሆነ፤ በ1997ና በ1998 ዓ.ም. አደባባይ የወጡ ወጣቶች ሁሉ መጠሪያ ሆነ። በዚህ ስም የተጠራ ልጅ ሲሞት «ማን ገደለው» የሚል ጥያቄ ይቀርና «ምን አድርጎ ነበር» የሚል ይተካል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ሀዲይሳ ወይም ከምባትኛ ብቻ የሚያውቅ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ «ቃሉን ሰጠ» ሲባል የማንን ቃል ነው የሰጠው? የአዳራሹ ድራማ ቢደፍር ኖሮ እዚህ ላይ ሦስት ገቢር የሚወጣ ነገር ነበረው።

የደፈረ አገሬ ሰው አለ፤ የሠራው ግን ስለ ሌላ አገር ነው። ጎንደሬው ኃይሌ ገሪማ በሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1975 ያጠናቀቀው «ቡሽ ማማ» የሚባል ጥቁርና ነጭ ፊልም የጥቁሮች ሰፈር የሆነውን ዋትስን ያሳያል። ፊልሙ የሚከፈተው በድራማ አይደለም። ፖሊሶች ኃይሌንና ባልደረቦቹን መንገድ ላይ አስቁመው ሲፈትሹ ካሜራ ቀርጿቸዋል፤ እሱም ይህን እውነተኛ ፍተሻ ለፊልሙ መግቢያ አደረገው። የእኛ ድራማ መጋረጃ የሚዘጋበት ቦታ የእሱ መጋረጃ የሚከፈትበት ነው።

ባርባራ ኦ. ጆንስ የምትጫወታት ዶሮቲ ነፍሰ ጡር ናት፤ በመንግሥት ድጎማ ትኖራለች። ባሏ መሰል ቲ.ሲ. ከቬትናም ጦርነት የተመለሰ ወታደር ነው። ሥራ ሊጠይቅ ይወጣል፤ ወዲያው በእስር ቤት መተላለፊያ ሲሄድ እናየዋለን። ክስ፣ ዳኛ፣ ምስክር አልታየም። ፊልሙን መጀመሪያ ስመለከት የተቆረጠ ቅጂ መስሎኝ ወደ ኋላ መለስሁት። አልተቆረጠም። ኃይሌም እንደ ዜና አንባቢዎቻችን ባለቤቱን ዘሎታል፤ ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ነው። ዜናው የሚዘለው እንዳንጠይቅ ሲሆን እሱ የዘለለው «ማን? ለምን?» እያልን ፊልሙን ሁሉ እንድንከታተል ነው። ቀጥሎ አንድ ፖሊስ ልጇን ሉአንን ሲደፍር ያገኘችው ዶሮቲ ፖሊሱን ትገድለዋለች፤ በእስር ቤት ትደበደብና ፅንሷ ይጨነግፋል። ዜና ቢሆን «ፅንሱ አልቆየም» ይባል ነበር።

እንከን የለበትም አልልም። መጨረሻው ላይ ጠመንጃና ሕፃን የያዘችው አፍሪካዊት ሥዕል ግድግዳው ላይ ሆና ከዶሮቲ በላይ ትናገራለች፤ መፈክር ገጸ ባሕርይን ሲጋፋት ይታያል። ድምፁም ሆን ተብሎ የተደራረበ ቢሆን እንኳ በቦታው ጆሮ ያደክማል። ዶሮቲ በዝምታ ስትቀመጥ ያለው ፊልም ስትፈክር ካለው ፊልም ይበልጣል። ይሁን እንጂ ወጣት ወደ ወንጀል እንዴት እንደሚገፋ ከመካሪ አንደበት ሳይሆን ከወረፋ፣ ከቢሮ ቅጽ፣ ከበር መንኳኳት ያሳየበት መንገድ ለእኛ ጸሐፊ ተውኔቶች ትምህርት ቤት ነው። «ጓደኛ አሳተው» የሚል አንድም ትዕይንት የለውም።

ሆሳዕና ዛሬ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ ስብሰባውም፣ አዳራሹም፣ ድራማውም እየበዛ ሄዷል። በዚያው መጠን በሞያሌ በኩል ደቡብ አፍሪካ ልግባ ብሎ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ማላዊ እስር ቤት የሚገባው ልጅም በዝቷል፤ እርሱ ላይ ደግሞ የሚዘጋው በር በሌላ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ከአዘጋጆቹ አንዱ «ምን እናሻሽል?» ቢለኝ የምመልሰው አጭር ነው። የልጁን መሳት የሚያሳዩትን ትዕይንቶች በሁለት ደቂቃ ይጨርሷቸው። ፖሊሱ እጁን ከያዘው በኋላ መጋረጃው ክፍት ይሁን። ያቺ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የእናትነቱን ሚና እንደያዘች አገልግሏን አንግባ ወደ በሩ ትምጣ፤ ዘበኛው ተቀብሏት ይግባ፤ ተመልሶም ይውጣ። ምን ብሎ እንደሚነግራት ጸሐፊው ይጻፈው፤ ባለቤቱን ሳይዘል።