«ቀበቶ» ወይስ «ችንጋ»?
በአንድ የመሣሪያ ተከላ መምሪያ ትርጉም ላይ የቀረበ ሒስ

የሙያ ቃል ትክክለኛነት የሚፈተነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ሳይሆን ቃሉ ለሥራ በሚውልበት ስፍራ ነው። ይህን አስተያየት እንድናቀርብ ምክንያት የሆነን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ አጭር መምሪያ ነው። መምሪያው በሚሽከረከር ሻካራ ጨርቅ ብረት የሚሞርድ መሣሪያ ሞተሩ ከሥራ ጠረጴዛ ሥር እንዴት እንደሚገጠም ያስረዳል። ስሕተቶቹ የአንድ ሰው ሳይሆኑ የብዙዎቻችን የአተረጓጐም ልማድ ስለሆኑ የተርጓሚውንም ሆነ የአሳታሚውን ስም አንጠቅስም።

የመምሪያው የመጀመሪያ ትእዛዝ «የቀበቶ መፍጫውን ሞተር ከአግዳሚ ወንበሩ በታች ጫን» የሚል ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር ደብረ ማርቆስ ውስጥ መጥረቢያ፣ ማጭድና ቢላዋ ለሚሞርድ አንድ ባለሙያ አነበብንለት። ጥቂት አሰብ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ቀበቶው ምን በድሎ ነው የሚፈጨው?» ሲል ጠየቀን።

ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም መሠረቱ ሰዋስው ነው። «የቡና መፍጫ» ስንል ቡና የሚፈጭበትን፣ «የሣር ማጨጃ» ስንል ሣር የሚታጨድበትን ማለታችን ነው። ከመሣሪያ ስም በፊት የሚገባ ዘርፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው ድርጊቱ የሚፈጸምበትን ነገር ነው። በእርግጥ «የእጅ ወፍጮ» እና «የውሃ ወፍጮ» በሚሉት ዘርፉ የኃይሉን ምንጭ ያመለክታል፤ ይሁን እንጂ እጅም ውሃም እንደማይፈጭ ሁሉም ያውቃል። ቀበቶ ግን ሊፈጭ የሚችል ቁስ ስለሆነ አሻሚነቱን የሚያስወግድ ነገር የለም። ከዚህም በላይ «ፈጨ» ዱቄቱ ለሚፈለግበት ሥራ የተሰጠ ግስ ነው። እዚህ የሚፈለገው ስለቱ ነው፤ ዱቄቱ ተጠርጎ የሚጣል ነው። «ሳለ» ከሥዕል፣ ከጉንፋንና ከስለት ጋር ስለሚሻማ «ሞረደ» የሚለው ግስ ይሻላል።

«አግዳሚ ወንበር» ሰው የሚቀመጥበት እንጂ ብረት የሚሠራበት አይደለም፤ «የሥራ ጠረጴዛ» ማለት ይበቃ ነበር። «ጫን» የሚለውም ቢሆን ለአህያ ወይም ለመኪና የሚባል ነው፤ አለዚያም «ተጫን» ለማለት የተፈለገ ያስመስላል። አማርኛ ለዚህ ሥራ የተለያዩ ግሦች አሉት፦ ሞተሩ ከጠረጴዛው ገበታ በታች በብሎን ተንጠልጥሎ ከታሰረ «ይሰቀላል»፤ ወለል ላይ በተዘጋጀ መሠረት ላይ ከቆመ «ይተከላል»፤ ለሁሉም የሚያገለግለው ጥቅል ግስ «ገጠመ» ነው።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የደረሰው ግን «ቀበቶ» በሚለው ቃል ነው። በዚህ መሣሪያ ላይ ሁለት ዟሪ ነገሮች አሉ። አንደኛው ከጠረጴዛው ሥር ካለው ሞተር ተነሥቶ በመዘውሮች ላይ እየዞረ ኃይል ወደ ላይ የሚያስተላልፈው ነው። ሁለተኛው ከላይ የሚሽከረከረውና ብረቱን የሚበላው ሻካራ ጨርቅ ነው። እንግሊዝኛ ሁለቱንም በአንድ ቃል ይጠራል፤ ተርጓሚውም ሁለቱንም «ቀበቶ» አላቸው። ከዚህ የተነሣ «ቀበቶውን ሸፍን» የሚለው ትእዛዝ ሲደርስ ሠራተኛው ግራ ይጋባል። ሻካራው ጨርቅ በሚሞረድበት በኩል ከተሸፈነ ሥራ ስለማይሠራ ትእዛዙን ትርጉም የለሽ አድርጎ ያልፈዋል። መሸፈን የነበረበት ግን ከጠረጴዛው ሥር በጕልበቱ አጠገብ የሚሮጠው ነው። በደጋው ብርድ ጋቢ ለብሶ ለሚሠራ ሰው የዚህ መዘዝ ምን ሊሆን እንደሚችል መዘርዘር አያስፈልግም።

«ቀበቶውን አጥብቅ» የሚለውም እንዲሁ ነው። በአማርኛ ብሎን ይጠብቃል፤ ችንጋ ግን ይወጠራል። ሞተሩ በማጠፊያ ላይ ከተሰቀለ የራሱ ክብደት ችንጋውን ይወጥረዋል። ችንጋው ከላላ ያንሸራትታል፤ ከልክ በላይ ከተወጠረ ኩሽኔታውን ይጎዳል።

የመዘውሮቹም ስም መለየት አለበት። መምሪያው ሁለቱንም «መዘውር» ብሎ ብቻ ያልፋል። በ50 ኸርዝ ኃይል በደቂቃ 1440 ጊዜ የሚዞር ሞተርና ሻካራውን ጨርቅ የሚነዳ 200 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ጎማ አለን እንበል። በሞተሩ ላይ የ100፣ በላይኛው ዘንግ ላይ የ50 ሚሊ ሜትር መዘውር ቢገጠም ጨርቁ በሴኮንድ ወደ 30 ሜትር ይሮጣል። ሁለቱ ቦታ ቢለዋወጡ ግን ፍጥነቱ ወደ 7.5 ሜትር ይወርዳል። ልዩነቱ አራት እጥፍ ነው። «አዟሪ መዘውር» እና «ተዟሪ መዘውር» ብሎ መለየት ይህን ስሕተት ያስቀራል።

«ችንጋ» ከጣልያንኛ የመጣ ስለሆነ በጽሑፍ አይገባም የሚሉ ይኖራሉ። ይሁንና ቃሉ በወፍጮ ቤትና በጋራዥ ሥር ሰድዷል፤ እንደ «ኩሽኔታ» እና «ሞርሳ» ሁሉ ባለሙያው የሚሠራበት የአማርኛ ቃል ሆኗል። «ቀበቶ» በትውልዱ የቀረበ ቢሆንም ቦታው ወገብ ላይ ነው። በሌላ በኩል ባለሙያው የሚለው ሁሉ ይጽደቅ አንልም። አንዳንዶች የኤሌክትሪክ ሞተርን «ዲናሞ» ይሉታል፤ ዲናሞ ግን ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ እንጂ በኤሌክትሪክ የሚዞር አይደለም። እዚህ ላይ ማረም የቃላት ሊቃውንት ድርሻ ነው። መስፈርቱ የቃሉ ትውልድ ሳይሆን ነገርን ከነገር መለየቱ ነው።

በዚህ መሠረት የሚከተሉትን ስያሜዎች ለውይይት እናቀርባለን፦

ሀ) ለመሣሪያው፣ «ባለጨርቅ መሞረጃ»፤ ይህም ከ«ባለድንጋይ መሞረጃ» ይለየዋል።
ለ) ለሻካራው ዟሪ፣ «የመሞረጃ ጨርቅ»።
ሐ) ለኃይል አስተላላፊው፣ «ችንጋ»።

የመጀመሪያው ትእዛዝም «የባለጨርቅ መሞረጃውን ሞተር ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ግጠም» ይሆናል።

በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በስያሜ ሥራችን ታላቅ እርምጃ ነበር። ቀጣዩ ሥራ ስያሜን ከመጽደቁ በፊት በሚሠራበት ቤት መፈተን ይመስለናል። ፈተናው ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ዐረፍተ ነገሩን ለባለሙያው አንብቦ እጁ ወደ የትኛው ክፍል እንደሚዘረጋ መመልከት ይበቃል።