የማያስቆጭ ሽንፈት

የእግር ኳስ ጨዋታ ሜዳ፣ ኳስ፣ ሃያ ሁለት ተጫዋችና ዳኛ ስላገኘ ብቻ ጨዋታ አይሆንም። የሚቆጭለት ሰው ያስፈልገዋል። ቡድኑ ሲሸነፍ እራት አልበላም የሚል፣ በማግስቱ የተቀናቃኙን ደጋፊ ላለማግኘት መንገድ የሚቀይር ሰው ከሌለ፣ የቀረው የሰውነት ማጠንከሪያ ነው። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። የአውሮፓ ታላላቅ ክለቦች የውድድር ዘመናቸው ከመከፈቱ በፊት በባዕድ አገር እየተገናኙ የሚጫወቱትን የወዳጅነት ዋንጫ እንደ አንድ የትርኢት ዓይነት ልመዝነው ተነሥቻለሁ። ቲያትሩ ይተቻል፣ ፊልሙ ይተቻል፤ ሚሊዮኖች የሚያዩት ይህ ትርኢት ከሂስ የሚያመልጥበት ምክንያት አይታየኝም። የምመዝነውም ከማያሚ ወይም ከቤጂንግ የክብር ወንበር ሳይሆን፣ ከሆሳዕናና ከዱራሜ ዲሽ ቤቶች አግዳሚ ላይ ሆኜ ነው።

ከነዚህ ዋንጫዎች መካከል ስሙ የገነነው ኢንተርናሽናል ቻምፒየንስ ካፕ የተባለው ነበር። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ያዘጋጀው ሬለቨንት ስፖርትስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ከኩባንያው ጀርባ ያሉት ባለጸጋ የማያሚ ዶልፊንስ ባለቤት ስቲቨን ሮስ ናቸው። በገበያ በኩል ማንም ወደቀ ሊለው አይችልም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2014 ማንቸስተር ዩናይትድና ሪያል ማድሪድ ሚሺጋን ውስጥ አን አርበር ላይ ሲገናኙ 109,318 ሰው ገብቶ አይቷል፤ በአሜሪካ ምድር ለእግር ኳስ ጨዋታ ያን ያህል ሕዝብ ተሰብስቦ አያውቅም ነበር። ዩናይትድ 3 ለ 1 አሸነፈ። እስቲ በዚያ ምሽት የማድሪድ ደጋፊ ሆኖ ያለቀሰ ማን ነው?

እንደ እውነቱ ከሆነ ትርኢቱ የሚታመመው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2019 አትሌቲኮ ማድሪድ ኒው ጀርሲ ላይ ሪያል ማድሪድን 7 ለ 3 ረታ። ዲያጎ ኮስታ ብቻውን አራት አገባ፤ ቀይ ካርድም አይቶ ወጣ። የአንድ ከተማ ልጆች በሰባት ጎል ሲሸናነፉ፣ በእውነተኛ ውድድር ቢሆን ኖሮ አሠልጣኝ ይባረር፣ ፕሬዚዳንት ይወርድ ነበር። ምን ሆነ? ምንም። ሁለት ወር ቆይተው በሊጉ ሲገናኙ 0 ለ 0 ተለያዩ፤ በዓመቱ መጨረሻም የስፔንን ሊግ ዋንጫ ያነሣው ያው ሰባት የገባበት ሪያል ማድሪድ ነበር። ሰባቱ ጎሎች የት ገቡ ቢባል መልስ የለም። ሽንፈቱ ስላላስቆጨ ድሉም ማስታወሻ አልሆነም።

ቲያትር የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን ከልምምድ ጋር ቢያመሳስለው አይሳሳትም። ልምምድ የተከበረ ሥራ ነው፤ ተዋናዩ ቃሉን ይረሳል፣ አዘጋጁ ያስቆማል፣ እንደ ገና ይጀመራል። ልምምዱን የምርቃት ምሽት አስመስሎ፣ መጋረጃ ሰቅሎ፣ በሙሉ ዋጋ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው። በወዳጅነት ዋንጫም ከእረፍት በኋላ አሥራ አንዱም ሊቀየር ይችላል። የተከፈለው ለታወቀው ኮከብ ነው፤ የሚታየው ግን ከወጣት ቡድን የመጣ ልጅ ነው። ጋዜጠኛው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ተጫዋቹ እግሩን ይቆጥባል። እ.ኤ.አ. በ2016 የማንቸስተር ሁለቱ ክለቦች ቤጂንግ ድረስ ሄደው በዝናብና በተበላሸ ሜዳ ምክንያት ሳይጫወቱ ሲቀሩ፣ ጨዋታው በሌላ ቀን እንዲካሄድ እንኳ አልተደረገም። ቢቀር የሚጎድል ነገር አልነበረማ!

የሆነው ሆኖ ሚዛኑን አላዛባም። የሚሺጋን ሰው፣ የሲንጋፖር ሰው፣ ከዋሽንግተን ጎን በላንዶቨር ስታዲየም የተሰለፈው ያገሬ ሰው ጭምር፣ ዕድሜ ልኩን በመስታወት ያየውን ቡድን አንድ ቀን በዓይኑ ቢያይ ምን ክፋት አለው? ያልታወቀ ልጅም ስሙን የሚያስጠራው አንዳንዴ በዚሁ መድረክ ነው። ይህን አልነፍገውም። ደግሞም የሪያልና የባርሴሎና ደጋፊ የሚያጣው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2017 ሁለቱ በራሱ በሮስ ስታዲየም ማያሚ ላይ ተገናኝተው ባርሴሎና 3 ለ 2 አሸነፈ። ነገር ግን እውነተኛው ጨዋታ በየዓመቱ ወደ ቤርናቤውና ወደ ካምፕ ኑ ይመለሳል። ማያሚ የሄደው ጥላው ነው፤ አካሉ ቤቱ ነው።

እኛ ዘንድ ግን ጥላውና አካሉ ቦታ ተለዋወጡ። ወደ ሆሳዕና የመጣሁት ይህን ለማሳየት ነው።

ክረምት ሲገባ በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሊጉ ያርፋል፣ ዝናቡ ሰውን ከደጅ ያስገባል። ዲሽ ቤቱ ብቻ አይዘጋም። አሜሪካ ሲመሽ እኛ ዘንድ ሌሊቱ ስለሚጋመስ፣ ብዙው ተመልካች ጨዋታውን የሚያየው በማግስቱ ሲደገም ነው፤ ውጤቱን አውቆ፣ ከፍሎ ገብቶ፣ እንደ አዲስ ይጮኻል። ከማድሪድ ሁለተኛ ቡድን የመጣውን ልጅ በስሙ ይጠራዋል። የሀዲያ ሆሳዕናን የኋላ መስመር ዘርዝር ብትሉት ግን ይደናቀፋል። ፍቅር አንሶት አይደለም። ካየው ስለቆየ ነው።

ሀዲያ ሆሳዕና፣ በደጋፊው አጠራር ነብሮቹ፣ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ መጀመሪያ የገባው በ2008 ዓ.ም. ውድድር ዘመን ነበር፤ በዓመቱ ወረደ። በ2012 ዓ.ም. ተመለሰ። ያ ዓመት በኮሮና ምክንያት ሳይፈጸም ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ ሲቀጥል የቴሌቪዥን መብቱን ሱፐርስፖርት ገዝቶ፣ ጨዋታዎቹ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ እየተሰባሰቡ ተካሄዱ። በተከታዮቹ ዓመታትም አሠራሩ ቀጠለ። ሆሳዕና ከአስተናጋጆቹ ውስጥ አልነበረችም። አብዮ ኤርሳሞ ስታዲየም በቦታው ቆሞ ሳለ፣ ነብሮቹ የ«ባለሜዳ» ጨዋታቸውን ድሬዳዋ ላይ ሲያደርጉ ታዩ። ባለሜዳነት የወረቀት ማዕረግ ሆነ።

ለዚህ ምክንያት አልነበረም አልልም። ወረርሽኙ ነበር። የደጋፊዎች ጠብ ከስታዲየም አልፎ ከተማ የሚያውክበት ጊዜ ነበር። ካሜራ የሚፈልገውን ሜዳና መብራት ሁሉም ከተማ አላሟላም። ከቴሌቪዥኑ የሚገኘው ገንዘብም ለክለቦቹ ቀላል አይደለም። ግን ሂሳቡን ስናወራርድ የከፈልነውንም እንጻፍ። ከነዚህ ከተሞች ስንት ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደ ተሰደደ ያገሩ ሰው ያውቀዋል። እናት ልጇን በስልክ ነው የምታገኘው፤ ቤቱ የሚሠራው ከሩቅ በሚላክ ገንዘብ ነው። ሩቅ ያለን ነገር በመስኮት ማየት እዚህ አዲስ አይደለም። ክለቡ ግን ከቤት የሚገኝ፣ በእግር ተሄዶ የሚታይ፣ በቀጥታ የሚሰደብና የሚመረቅ ነገር ነበር። እርሱም ተሰደደ።

የዱራሜው ደግሞ ይብሳል። ሀምበሪቾ ዱራሜ፣ በከተማዋ አናት ላይ ባለው ተራራ ስም የተሰየመው ክለብ፣ ለ2016 ዓ.ም. ውድድር ዘመን ፕሪሚየር ሊግ ገባ። በዚያው ዓመት ወረደ። የዱራሜ ሕዝብ ለዚያች አንዲት ዓመት ስንት ዘመን ጠብቋል! ከመላው ውድድር አንድም ጨዋታ በከተማው አልተደረገም። ከሁሉ የሚከነክነኝ ሀዲያ ሆሳዕናና ሀምበሪቾ የተገናኙበት ነው። ሆሳዕናና ዱራሜ ጠዋት ተሄዶ ማታ የሚገባባቸው ጎረቤቶች ናቸው፤ በገበያ የሚገናኙ፣ በጋብቻ የተሳሰሩ። ይህን የጎረቤት ፍልሚያ ሁለቱም ከተሞች በመስኮት ነው ያዩት። ባርሴሎናና ማድሪድ ማያሚ ላይ ሲጫወቱ ለትርፍ ነበር፤ ሲጨርሱም ወደ ቤታቸው ገቡ። የኛዎቹ ግን ያው አንዱ ዕድላቸው ነበር።

ታዲያ ጥፋቱ ከቤት መራቁ ብቻ ነውን? አይደለም። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን አቋቁመው በየዓመቱ በበጋቸው፣ ከተማ እየቀያየሩ፣ ኳስ ይጫወታሉ። ከአገር የራቀ እንደዚያ ያለ ውድድር የለም። የኳሱ ደረጃም የሚደነቅ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን በሜዳው ዙሪያ የቆመው ሰው አጫዋቹን ያውቀዋል፤ ያጎቱ ልጅ ነው፣ የሠፈሩ ልጅ ነው። እንጀራው፣ ዘፈኑ፣ የጠፋ ወዳጅ መገናኘቱ ሁሉ በኳሱ ዙሪያ ይሰበሰባል። ባለቤት ያለው ጨዋታ ባዕድ አገርም ቤት ይሠራል። ባለቤቱ ደጅ የቀረበት ጨዋታ ግን በገዛ አገሩም እንግዳ ነው።

ኢንተርናሽናል ቻምፒየንስ ካፕ የወንዶቹ ውድድር ከ2019 እ.ኤ.አ. በኋላ አልተመለሰም፤ ሌሎች በሌላ ስም ቦታውን ይዘዋል። ከዚያ ትርኢት የምንወርሰው አንድ ነገር ቢኖር፣ የወዳጅነት ዋንጫ ለካሜራ ሕግ እምብዛም እንደማይገዛና የትም ሊሄድ እንደሚችል ነው። እንግዲያው እኛም ወደሚገባው ቦታ እንውሰደው። ሊጉ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ነው። ከዚያ በፊት በመስቀል ሰሞን የሀዲያ ያሆዴና የከምባታ መሳላ አሉ፤ የራቀ ሁሉ ወደ ቤቱ የሚመለስባቸው፣ አታካናው በቅቤ የሚቀርብባቸው ቀኖች ናቸው። አራት ክለቦች አብዮ ኤርሳሞ ላይ፣ ቀጥሎም ዱራሜ ላይ ቢጫወቱ፣ ፌዴሬሽኑ ብዙ ወጪ፣ ካሜራውም ብዙ መብራት አይጠይቅም። ዋንጫው ትንሽ ይሁን። በ109,318 ሰው ፊት የተሸነፈው ማድሪድ ያላገኘውን ግን ነብሮቹ ያገኙታል፤ ቢሸነፉ በዕለቱ እራት የማይበላላቸውን ሕዝብ።