ክሊሮኖሚያ፤ ርስት በዕጣ ወይስ በሞት?

በመልእክታተ ጳውሎስ ትርጓሜ ላይ ዘወትር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ወራሽ የሚወርሰው አውራሹ ሲሞት ነው፤ እግዚአብሔር አብ ግን ሞት የለበትም፤ እንግዲህ የእግዚአብሔር ወራሾች መባላችን (ሮሜ 8፥17) እንደ ምን ያለ ነገር ነው? አንዳንዶች ነገሩን ምሳሌ ነው ብለው ያልፉታል። ሌሎች ደግሞ ዕብራውያን ምዕራፍ 9ን ይዘው ርስት በተባለበት ስፍራ ሁሉ ኑዛዜና ሞት ይፈልጋሉ። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ቃሉን ከሥሩ አልመረመሩትም።

የጽርኡ ቃል ክሊሮኖሚያ ነው። ክሊሮስ ማለት ዕጣ፥ ኔሞ ማለት ማደል፥ ማካፈል ነውና ከሁለቱ የተገጠመ ነው። በጽርእ ሰዎች ሕግ የሟችን ሀብት መውረስን ያመለክት ነበር። ሰባው ሊቃናት ግን ኦሪትን ወደ ጽርእ ሲመልሱ ናሐላ የሚለውን የዕብራይስጥ ቃል ብዙ ጊዜ በዚህ ተረጐሙት፤ ናሐላም ለየነገዱ የደረሰ የምድር ድርሻ ነው። ምድሪቱ በዕጣ እንድትከፈል ታዘዘ (ዘኍ. 26፥55)፤ ኢያሱም በዕጣ አካፈለ። በዚያ ክፍያ የሞተ አውራሽ የለም፤ ሰጪው ሕያው እግዚአብሔር ነው። ለሌዋውያን ግን ምድር አልተሰጠም፤ ርስታቸው ራሱ እግዚአብሔር ነው ተባለ (ዘዳ. 18፥2)። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሄሮኒሞስ ለኔፖቲያኖስ በጻፈው ደብዳቤ ካህናት በክሊሮስ ስም የተጠሩበትን ምክንያት ሲያስረዳ፥ የጌታ ዕጣ ስለ ሆኑ ወይም ጌታ ዕጣቸው ስለ ሆነ ነው ይላል። ተሳላሚው በኢየሩሳሌም ዐረቦች ክርስቲያኖች ካህናቱን በጠቅላላው ኢክሊሮስ ሲሉ ቢሰማ ይኸው ቃል ነው። ምድር ያልደረሰው ነገድ ዕጣ ለካህናት ስም መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

ግእዙ ርስት ሲል ዕጣን አያነሣም። ልደት ከወለደ እንደሚወጣ ርስትም ከወረሰ የወጣ ነው፤ ስለዚህ የክሊሮስ ድምፅ በግእዙም ሆነ በአማርኛው አይሰማም። ይህ ጕድለት ነው። ነገር ግን በምትኩ ያገኘነው አለ። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. በዐዋጅ የሕዝብ እስኪሆን ድረስ፥ ርስት በጸናበት አገር ባለርስት ድርሻውን የሚጠይቀው ከሁሉ በፊት ከአቅኚው አባት ጀምሮ ትውልዱን ቈጥሮ ነበር። ሐዋርያውም ልጅነትን አስቀድሞ ወራሽነትን ያስከትላል። በዚህ ረገድ የእኛ ርስት ከጽርእ ሰዎች ሕግ ይልቅ ለመጽሐፉ አሳብ የቀረበ ነው።

የዕብራውያን ምዕራፍ 9 ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በ15ኛው ቍጥር የዘላለም ርስት የተባለው ክሊሮኖሚያ ነው፤ በዚያው ቍጥር ኪዳን የተባለው ዲያቲኪ ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ15ኛው ኪዳን ያለውን በ16ኛው ኑዛዜ ይለዋል፤ ጽርኡ ግን በሁለቱም አንድ ቃል ነው። ተርጓሚዎቹ ተሳሳቱ አንልም፤ ዲያቲኪ ለኪዳንም ለኑዛዜም ይሆናልና፥ 16ኛው ቍጥርም ስለ ተናዛዥ ሞት ይናገራልና። ሆኖም አንባቢው ቃሉ ተለውጧልና ነገሩም ተለወጠ ብሎ ያስባል፤ በኅዳግ አጭር ማስታወሻ ቢጻፍ በተሻለ ነበር። ደግሞስ የሞተው ማን ነው? አብ አይደለም፤ የኪዳኑ መካከለኛ ክርስቶስ ነው። እርሱም በዚሁ መልእክት (1፥2) የሁሉ ወራሽ ተብሏል። ስለዚህ ወራሹ ራሱ ሞቶ ርስቱን ለተጠሩት አካፈለ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ውርስ በየትኛው ሸንጎ ይገኛል? የወይኑ ቦታ ገበሬዎች (ማቴ. 21፥38) ወራሹን ገድለው ርስቱን ሊይዙ ተማከሩ፤ ለእነርሱ አልሆነላቸውም፥ በሞቱ ግን ርስቱ ለሌሎች ደረሰ። እንግዲህ ርስት ሁሉ በሞት ነው የሚሉት የኢያሱን ዕጣ ይረሳሉ፤ ሞት የለበትም የሚሉትም ይህን ምዕራፍ ይረሳሉ።

በሉቃስ 15 ታናሹ ልጅ አባቱ በሕይወት ሳለ ድርሻውን ሲጠይቅ፥ ወንጌላዊው ክሊሮኖሚያ አላለም፤ ኡሲያ፥ ማለት ገንዘብና ንብረት፥ ብሎ ጻፈ። ልጁ የፈለገው ይዞት የሚሄደውን ነበርና።

አንድ ስፍራ ቀርቶናል። ቅዱስ ጴጥሮስ (1 ጴጥ. 5፥3) ሽማግሌዎች እንዳይሠለጥኑባቸው የሚከለክላቸው ክሊሮስ በሚለው ቃል በብዙ ቍጥር የተጠሩት ምእመናን ናቸው። አማርኛው ማኅበር ብሎ መልሶታል። አሳቡን አልሳተም፤ ዕጣነቱን ግን አስቀርቷል። «ድርሻችሁ ሆነው የተሰጧችሁን» ቢባል ከጽርኡ ይቀርብ ነበር።