ሄልሜቱ ይቆይ

ሰሞኑን ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት የሴፍቲ ባለሙያ ሐርጌሳ ውስጥ የምንሠራውን ሕንፃ ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ግማሹ ሠራተኛ ሄልሜት የለውም፤ እርስዎ ድንጋይ ቀለም ሲያስቀቡ ይውላሉ። ገንዘቡ ቀድሞ ለሄልሜት አይውልም?» አለኝ። አልተቆጣሁም። ሄልሜት የመጨረሻው መከላከያ መሆኑን ልጁ ተምሮታል። ሥራ ላይ ሲሰማሩ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ሄልሜት በአንድ ቀን ይገዛል፣ ጎብኚ ከሩቅ ያየዋል፣ ፎቶም ያምርበታል።

የአውሮፓ መለኪያ የግንባታ ሄልሜትን የሚፈትነው 5 ኪሎ የሚመዝን ብረት ከ1 ሜትር ከፍታ ላይ በመልቀቅ ነው። ከግንበኛ እጅ ያመለጠ 15 ኪሎ ብሎኬት 12 ሜትር ወርዶ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጉልበቱ ከፈተናው 36 እጥፍ ይሆናል። ሄልሜት ለጠጠር፣ ለወደቀ ሚስማር፣ ጎንበስ ሳይሉ ለሚያልፉበት ብረት ጥሩ ነው፤ እኔም አዝዣለሁ፣ ይመጣል። ለብሎኬት መድኃኒቱ ግን ሰውየው እዚያ አለመቆሙ ብቻ ነው። እንዳይቆም ደግሞ አደጋው የት ላይ እንደሚጀምር መሬቱ ላይ ማየት አለበት።

ይህን ግትርነት ያመጣሁት ከፈንጂ ወረዳ ነው። በ1990 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በመሐንዲስ ክፍል ውስጥ ፈንጂ ቀብሬያለሁ፣ አንስቻለሁም። በውጊያ ላይ ፈንጂ ማንሳት ጥድፊያ ነው፤ ጦሩ የሚያልፍበትን ጠባብ መተላለፊያ ከከፈትክ ግራና ቀኙ አያገባህም። በ1993 ዓ.ም. አገራችን ፈንጂ የሚያጸዳ መሥሪያ ቤት ስታቋቁም ሥራው ሌላ ሆነ። መሬቱ የሚመለሰው ለገበሬና ለልጆቹ ነው፤ «አብዛኛው ጸድቷል» ማለት እዚያ ትርጉም የለውም። አንድ ሜትር በሚሰፋ መስመር ላይ ተንበርክከህ፣ መፈለጊያው ሲጮህ መውጊያውን በ30 ዲግሪ አጋድመህ፣ አፈሩን በትንሽ በትንሹ ትፈትሻለህ። የፊት መከለያና የደረት መሸፈኛ ሳይለብሱ መግባት ክልክል ነበር። ሆኖም ሶቪየት ሠራሹ ፒኤምኤን 240 ግራም ቲኤንቲውን ይዞ ከእግር ሥር ሲፈነዳ መከለያው ዓይን ቢያተርፍ ነው፤ እግር አያተርፍም። እግር የሚያተርፈው ምልክቱ ነው፦ በነጩ በኩል የተፈተሸ፣ በቀዩ በኩል ያልተፈተሸ።

ሐርጌሳ ይህን ለማወቅ ብዙ ከፍላለች። በግንቦት 1980 ዓ.ም. የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ሲገቡባት የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከራሷ አየር ማረፊያ እየተነሱ ደበደቧት፤ መሐል ከተማ የቆመው ሚግ የዚያ መታሰቢያ ነው። ሕዝቡ ወደ እኛ አገር፣ ወደ ሐርቲሼክ ተሰደደ። በ1983 ዓ.ም. ሲመለስ ቤቱ ውስጥ ሳይቀር ፈንጂ ጠበቀው፤ የቀበረው ጦር ካርታ አላስረከበም። መጀመሪያ ለማንሳት የገቡት የንቅናቄው የቀድሞ ተዋጊዎች ነበሩ፤ ከመሣሪያ ይልቅ ድፍረት ይዘው ስለነበር ብዙዎቹ አካላቸውን፣ አንዳንዶቹም ሕይወታቸውን አጡ። ሄሎ ትረስትን የመሰሉ ድርጅቶች መጥተው ቀይና ነጭ ድንጋይ የደረደሩት ከዓመታት በኋላ ነው።

የሕንፃችን ዘበኛ ከእነዚያ ተዋጊዎች አንዱ ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ እንደ አገሩ ደንብ «አደር»፣ አጎት ማለት ነው፣ እለዋለሁ። ቀዩን ድንጋይ ያስደረደርኩ ዕለት ማብራሪያ ያልጠየቀኝ እሱ ብቻ ነበር፤ ወዲያው ዱላውን ይዞ ሻይ ሻጯን ከመስመሩ ወዲያ መለሳት። ማታ ማታ ስለ ሐርቲሼክ ያጫውተኛል። እዚያ ውሃ ስላልነበረ ከጅግጅጋ በኩል በቦቴ ይመጣላቸው ነበር። አማርኛ የተማረው ከቦቴ ሾፌሮች ስለሆነ የሚያውቀው አብዛኛው ስድብ ነው፤ ግን አሳምሮ ይሳደባል።

ለምን ድንጋይ፣ ለምን ፕላስቲክ ሪባን አይሆንም የሚለኝም አለ። የሐርጌሳን ንፋስና የሐርጌሳን ፍየል ስለማያውቅ ነው። ሪባኑን ፀሐይ ያነጣዋል፣ ንፋስ ይበጥሰዋል፣ የቀረውን ፍየል ትበላዋለች ወይም አንዱ ሸራ ያስርበታል። ድንጋይ የሚሰርቅ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

ትልቁ ነገር ድንጋዩ በየጠዋቱ መነሳቱ ነው። ትናንት በምሥራቅ በኩል ሲለሰን የነበረው ግድግዳ ዛሬ በምዕራብ ይለሰናል፤ ለሶሌታ የሚወጣው ፌሮ የሚጎተትበት ቦታ ይቀየራል። ሳይነቃነቅ ወር የከረመ መስመር ውሸታም ነው፤ ሠራተኛው አንድ ጊዜ ተሻግሮት ምንም ካልሆነ እውነተኛውንም አያምንም። ሕንፃውን ዙሪያውን በሪባን ጠፍሮ «አደገኛ ክልል» ብሎ መለጠፍ ከምንም የባሰ ነው እላለሁ፤ ሁሉም ቦታ አደገኛ ከተባለ ሰው የሚቆምበትን በምን ይለያል? ፈንጂ ሲጸዳ ያጸዳው ቡድን መሬቱን ከማስረከቡ በፊት ራሱ ይሄድበት ነበር። እኔ ጋም መስመሩን ያወጣው ፎርማን የጠዋት ሻዩን የሚጠጣው ነጩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው። እዚያ መቀመጥ ከፈራ መስመሩን ይግፋው።

በዚህ ከማልስማማቸው አንዱ ባሕረ ሰላጤው አገር ሠርቶ የመጣ ባልደረባዬ ነው። እሱ በር ላይ «ያለ አደጋ ያለፉ ቀናት» የሚል ሰሌዳ ሰቅሎ ቁጥሩ ሲያድግ ጉርሻ ያሰጣል። ቁጥሩ ያድጋል፣ እውነት ነው። የተሰበረ ጣትም በጨርቅ ተጠቅልሎ ኪስ ውስጥ ይውላል።

የእኔ ሕግ ሌላ ነው። ቀዩን ድንጋይ ወደ ውጭ መግፋት፣ የተከለከለውን ቦታ ማስፋት፣ የማንም መብት ነው፤ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ወደ ውስጥ መመለስ የሚችለው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። እዚህ በቀን ሥራ ከሚያድሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ በቶጎጫሌ በኩል ያለ ወረቀት የገቡ ናቸው። ሶማልኛቸው ገና አልተፈታም፤ ቢፈታም አለቃን «አልወጣም» ማለት የሚደፍር የለም። በ1973 ዓ.ም. የወጣው፣ አገራችንም ያጸደቀችው 155ኛው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት፣ ሕይወቱን የሚያሰጋ ቅርብ አደጋ አይቶ ከሥራው የተለየ ሠራተኛ እንዳይቀጣ ይላል። መልካም ቃል ነው፤ ጄኔቭ ሆኖ። የወሎና የሐረርጌ ልጅ ግን ድንጋይን በእግሩ መግፋት ይችላል፤ ማንም ሳይጨቃጨቀው፣ አፉን ሳይከፍት።

መስመር የሚያስፈልገው ለሚወድቅ ነገር ብቻ አይደለም። መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ማታ እዚህ ሐርጌሳ የዋሂን ገበያ ሲነድ የእሳት አደጋ መኪኖች በሱቆቹ መሐል እንደልብ መግባት አልቻሉም፤ መተላለፊያው ቀስ በቀስ በዕቃና በዳስ ተውጦ ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ የተነሳውን እሳት የአዲስ አበባ አንባቢ አይረሳውም፤ እዚያም የመንገዱ ጥበት አንዱ ችግር ነበር። ማጥፊያ ጋን መግዛት ቀላል ነው። አንድ መኪና የሚያሳልፍ ባዶ መሬት ዓመት ሙሉ ባዶ አድርጎ መጠበቅ ግን እያንዳንዱን ነጋዴ ይቆረቁረዋል።

ልጁ ቆይቶ «ታዲያ ሥራው አይሰለችዎትም?» አለኝ። አይሰለቸኝም። ወታደር ሳለሁ የቀበርነውን በካርታ እንመዘግብ ነበር፤ ምልክትም እናደርግ ነበር። ግን ምልክቱ ለወገን ብቻ ነው፤ ከወዲያ በኩል የሚመጣው እንዲያየው አይፈለግም። አሁን የማስቀባው ድንጋይ ሻይ ሻጯም፣ የማላውቀው መንገደኛም፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃንም እንዲያየው ነው። አደር ከእኔ ጋር በአንድ ወገን ተሰልፎ አያውቅም፤ አገሮቻችን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ተዋግተዋል። ሌሊት ከቦታው የተነቃነቀውን ድንጋይ የሚያስተካክለው ግን እሱ ነው። ሁልጊዜም ወደ ውጭ ገፋ ያደርገዋል፤ መልሼው አላውቅም።

አሁን የያዝነው ጭቅጭቅ ከባለንብረቱ ጋር ነው። ላይኛው ፎቅ ሳያልቅ ምድር ቤቱን ለሱቆች ሊያከራይ ፈልጓል። ጣሪያ ያለው መተላለፊያ እስኪሠራ ድረስ ከግድግዳው አራት ሜትር ይራቁ ብያለሁ፤ እሱ ሁለት ይበቃል ይላል፤ ሱቅ ከመንገድ ከራቀ ማን ይገዛል ባይ ነው። ፎርማኑ ሐሙስ ማታ በሦስት ሊያስታርቀን ሞከረ። እንቢ ብያለሁ። ቅዳሜ ሥራ ሲገባ እንቀጥላለን።