ነሐስ የሚያውቀው ሰሙን ነው

ሰምና ወርቅ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን ቅኔ ነው። ስያሜው ግን ከአንጥረኛ ቤት የወጣ ነው። አንጥረኛው ጌጡን መጀመሪያ በሰም ያበጀዋል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ያወጣና በለቀቀው ቦታ ወርቁን ያፈሳል። እኔ የማፈሰው ነሐስ ነው፤ መንገዱ ግን ያው ነው።

አምና የያዝኩት ሥራ ጥጥ የምትፈትል ሴት እጅ ነበር። እጁ የእናቴ ነው። ከጣቶቿ ክር ይወርዳል፣ ከክሩ ጫፍ እንዝርት ተንጠልጥሏል። እጁ አላስቸገረኝም። የአውራ ጣቷን ስንጥቅና የጥፍሯን ጠርዝ በወስፌ እየጫርኩ አወጣሁት። የማር ሰም 63 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ በእጅ ሙቀት ይለዝባል፣ የነካውን ሁሉ ይይዛል። ወፍራም ነሐስ ሲቀዘቅዝ ስለሚሰረጉድ የእጁን ውስጥ በጭቃ ሞልቼ ሰሙን 5 ሚሊ ሜትር ያህል አሳሳሁት። የፈተነኝ ክሩ ነው።

መጀመሪያ እውነተኛ የጥጥ ክር ሰም ውስጥ ነክሬ አንጠለጠልኩ። ጥጡ ተቃጥሎ ቦታውን ይለቃል ብዬ ነበር። የጭቃውን ሞልድ ስሰብረው የወጣው ግማሽ ጣት የሚያህል ክር ብቻ ሆነ፤ የጥጡ አመድ መንገዱን ዘግቶት ኖሯል።

ሁለተኛውን በሰም ብቻ ሠራሁት። የመጀመሪያውን ልባስ በጨርቅ ካጠለልኩት ሸክላ ጭቃና ከከሰል ዱቄት፣ የላዩን ደግሞ ጭድና የፈረስ ፋንድያ ከገባበት ጭቃ ነው የማበጀው። ጭዱ ሲቃጠል ትንንሽ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ የታመቀው አየር በዚያ ይተነፍሳል። ጊዜው ግን ክረምት ነበርና ጭቃው ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ቀርቷል። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲቀየር 1,700 ጊዜ ያህል ይሰፋል። ሳፈስበት ነሐሱ ከሞልዱ አፍ ተተፍቶ ጓንቴን በሳው። ከዚያን ቀን ወዲህ የሞልዱ ውስጥ በእሳት ካልቀላ አላፈስም።

ሦስተኛውን ከማፍሰሴ በፊት ብዙ ቀን አሰብኩበት። የኔ ነሐስ 90 እጁ መዳብ፣ 10 እጁ ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ የምለው የጣሪያውን ሳይሆን 232 ዲግሪ ላይ የሚቀልጠውን ነጭ ብረት ነው። መዳቡ 1085 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቆርቆሮው በመጨረሻ ይገባል፣ አለዚያ ተቃጥሎ ይባክናል። ቅልጡን 1100 ዲግሪ ላይ አፈሰዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ሞልዱን ያቆምኩት ክሩን ወደ ላይ አድርጌ ስለነበር፣ ነሐሱ እጁን ሞልቶ እክሩ ሲደርስ ሙቀቱ አልቆ ይረጋ ነበር። አሁን ገለበጥኩት፤ ክሩ ከታች፣ የእጁ አንጓ ከላይ። ትኩሱ ነሐስ ቀድሞ ክሩን ያገኛል፣ ከላይ ያለው ክብደትም ይገፋዋል። ከእንዝርቱ ጫፍ ወደ ላይ የሚመለስ የአየር መውጫ ቦይ ጨመርኩ። ክሩንም ኋላ በሞረድ ላሳሳው ብዬ 4 ሚሊ ሜትር አደረግሁት። ሞልዱ ከምድጃ እንደወጣ፣ ሙቀቱ ሳይበርድ አፈሰስኩበት።

ክሩ ሳይቆረጥ ወጣ። ጭቃውን ከእጁ ላይ ሳራግፍ አውራ ጣቷ ሥር የራሴን የጣት አሻራ አገኘሁ፤ ሰሙ ላይ ሳላስተውል የተውኩት ነው። መስመሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አሻራውን አልሞረድኩትም።

ቅኔ የምታስተምሩ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን አንድ ቀን አንጥረኛ ቤት ውሰዷቸው። ወርቁን ሳይሆን ሰሙ ሲበጅ ይዩ።